ዛጎል አልባዋን የባህር ቀንድ አውጣ እንዴት እንለያት?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀለሟ ነው። ፎቶ ያነሳና ከመጽሐፍ ላይ መልኳን ይፈልጋል። እኔ ግን ቀለም መጨረሻ ይምጣ ባይ ነኝ። ኑዲብራንክ የሚባሉት ዛጎል አልባዎች ብቻ ከ3,000 በላይ ዝርያ አላቸው። አንዷ እንደበላችው ነገር መልኳ ይለያያል፤ የማይዛመዱ ሁለት ዝርያዎች ደግሞ ቁርጥ አንድ ይመስላሉ።

ባህሩ ሲሸሽ በድንጋይ መሀል የሚቀረውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ፈትሹ። ስታገኟት አትንኳት። መጀመሪያ የተቀመጠችበትን ነገር ፎቶ አንሱ።

ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ጋ ነው። እነዚህ እንስሳት ምግብ መራጮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከአንድ ወይም ከጥቂት ነገር በቀር አይቀምሱም። ስፖንጅ የሚባለው የባህር እንስሳ ላይ ካለች ዶሪድ የሚባለው የኑዲብራንክ ወገን ልትሆን ትችላለች፤ ጀርባዋ መጨረሻ ላይ በፊንጢጣዋ ዙሪያ እንደ አበባ የተዘረጋ ስንጥብ ፈልጉ። ሃይድሮይድ የሚባለው ተክል መሳይ ተናዳፊ እንስሳ ላይ ካለች ኤኦሊድ የሚባለውን ሌላውን የኑዲብራንክ ወገን ጠርጥሩ። የኤኦሊድ ጀርባ በጣት መሳይ ቅጥያዎች የተሞላ ነው፤ ከበላችው እንስሳ የወሰደቻቸውን ተናዳፊ ህዋሶች ጫፋቸው ላይ አስቀምጣ ራሷን ትከላከልበታለች። ግን መንገደኛም ልትሆን ስለምትችል በዚህ ብቻ አትፍረዱ። አጠገቧ የተጠማዘዘ የእንቁላል ጥብጣብ ካለ ግምታችሁ ይጠነክራል።

ኮስታሲዬላ ኩሮሺማዬ የምትባለውን ዝርያ እንይ። በጃፓኗ ኩሮሺማ ደሴት ስም የተሰየመችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ርዝመቷ ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጀርባዋ በቅጥያ ስለተሸፈነ ያያት ሁሉ ኤኦሊድ ይላታል። የተቀመጠችው ግን አቭሬንቪሊያ በሚባል አረንጓዴ አልጌ ላይ ነው። ጠጋ ብላችሁ ፊቷን እዩ፦ ሁለት ጥቁር ነጥብ የሚያካክሉ ዓይኖች አሏት፤ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። አልጌውን በስታ ትመጠዋለች፣ በብርሃን ምግብ የሚሠራውን የአልጌውን አረንጓዴ ክፍል፣ ክሎሮፕላስቱን፣ ግን ወዲያው አትፈጨውም። ወደ ቅጥያዎቿ ይገባና ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። አረንጓዴነቷ ከዚያ ነው የመጣው። ስለዚህ የምትመደበው ሳኮግሎሳ ከሚባሉት አልጌ መጣጮች ወገን እንጂ ከኑዲብራንክ አይደለም።

ሰውነቷ እንደ ወረቀት የሳሳ ከሆነና ስንጥብም ቅጥያም ከሌላት ምናልባት ጠፍጣፋ ትል ይዛችኋል፤ ጊዜ አታባክኑ።

ለፎቶ ውድ ካሜራ የግድ አይደለም። ስልክ ላይ የምትሰካ ማጉያ ሌንስ ትበቃለች። ከላይ፣ ከፊት እና ከቀኝ ጎን አንሱ። እያንዳንዷ ሴትም ወንድም ናት፤ ቀኙን ያልኩት የመራቢያ ቀዳዳዋ ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። አጠገቧ ማስመሪያ ይኑር።

ቀኑንም ጻፉ። የብዙዎቹ ትናንሽ ዝርያዎች ዕድሜ ከዓመት ስለማይዘል ዛሬ የሞሉበት ድንጋይ በሌላ ወቅት ባዶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹን ደግሞ ምላሳቸው ላይ ያለውን ጥርስ በማይክሮስኮፕ ሳያዩ ወይም ዲኤንኤ ሳይመረምሩ መለየት አይቻልም። ያኔ የጂነሱን (የሚዛመዱ ዝርያዎች የሚጋሩትን የመጀመሪያውን) ስም ብቻ ጽፋችሁ ዝርያውን ክፍት ተዉት።