ገቢ የሚያስገኝ የብሎግ ዘርፍ እንዴት ይመረጣል?

ብሎግ ጽፈው ገቢ ማግኘት የሚፈልጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን የሚጀምሩት «ብዙ ሰው የሚያነበው ምንድን ነው?» ብለው በመጠየቅ ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንባቢው ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ገንዘቡን የሚያወጣው በምን ላይ ነው፣ ያንን ገንዘብ የሚቀበለው ነጋዴስ እንዲህ ያለውን ደንበኛ ለማግኘት ስንት ይከፍላል የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አንባቢ ካበዛ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው በጎግል አድሴንስ በኩል ማስታወቂያ እያስነበበ ጥቂትም ቢሆን ያገኛል። አድሴንስ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ግን በዝርዝር የተወሰኑ ሲሆኑ፣ አማርኛ ለረጅም ዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ሆኖ ቆይቷል። በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ተቀባይነት ያገኘ ብሎግም ቢሆን የተጠራቀመው ሒሳብ 100 ዶላር ሳይሞላ ክፍያ አይለቀቅለትም። ስለዚህ የአማርኛ ብሎግ ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው በቀጥታ ከሚያስተዋውቅ ድርጅት፣ ከኮሚሽን፣ ከሥልጠና ወይም ከምክር አገልግሎት ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ደግሞ ከአንባቢው ብዛት ይልቅ የአንባቢው ማንነት ይመዝናል።

የዲቪን ጉዳይ እንመልከት። ምዝገባው ለብዙ ዓመታት ይካሄድ የነበረው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ስለ ዲቪ የሚጽፍ ሰው በእነዚያ ሳምንታት አንባቢ ይጎርፍለታል። ነገር ግን አንባቢው የሚፈልገው የምዝገባውን አድራሻና የፎቶግራፉን መጠን ብቻ ነው፤ እሱን እንዳገኘ ይሄዳል፣ ወሩ ካለፈም አይመለስም። በዚህ ዘርፍ ለማስታወቂያ ገንዘብ ይዘው ከሚመጡት መካከልም «ዕድልዎን እናረጋግጣለን» የሚሉ አታላዮች አይጠፉም፤ ከእነሱ ጋር ስሙን ያነካካ ጸሐፊ ደግሞ ታማኝነቱን በቀላሉ አያስመልስም።

አንድ ዘርፍ ገንዘብ ያለው መሆኑን ለመለየት አገራችን ውስጥ ጥሩ መመዘኛ አለ፤ እሱም ደላላ ነው። መኪና፣ ቤት፣ የንግድ ቦታና የሥራ ቅጥር ደላላ ያላቸው፣ ገዢና ሻጭ በቀላሉ ስለማይገናኙና ያገናኘ ሰው ስለሚከፈለው ነው። አንባቢ ለማመን የሚያበቃ መረጃ የሚሰጥ ብሎግ ከዚሁ ክፍያ የተወሰነውን ሊያገኝ ይችላል። ደላላ የሌለበት ዘርፍ ሁሉ አያዋጣም ማለት አይደለም፤ ሆኖም በዘርፉ ደንበኛ ላመጣ ሰው ኮሚሽን የሚከፍል ማንም ከሌለ፣ ከመጀመርዎ በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይገባዎታል።

በቅርቡ የተከፈተ አንድ ዘርፍ ነገሩን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዚያ በፊት ጠይቋቸው የማያውቃቸውን ጥያቄዎች መጠየቅ ጀመረ። ከቻይና የገባ ቮልስዋገን አይዲ 4 የቻርጅ መሙያው ጂቢቲ በተባለው የቻይና ደረጃ የተሠራ ስለሆነ፣ ለአውሮፓው ደረጃ የተዘጋጀ ቻርጀር ያለ አስማሚ (አዳፕተር) አይገጥምለትም፤ ስክሪኑም ብዙ ጊዜ በቻይንኛ ነው። ባትሪው የተሟጠጠ መኪና ግድግዳ ላይ ባለ ተራ ሶኬት ሲሞላ አንድ ሌሊት አይበቃውም። ስለዚህ ገዢው የቤቱ ቆጣሪ ቻርጀሩን ይችለው እንደሆነ፣ የተለየ መስመር ማን እንደሚዘረጋለት፣ ያገለገለ መኪና ከሆነም የባትሪው አቅም በምን እንደሚለካ ማወቅ ይፈልጋል። መልሱን የሚፈልገው ሰው ከፍተኛ ገንዘብ ሊያወጣ የተዘጋጀ ነው፤ በዙሪያውም አስመጪው፣ ቻርጀር ገጣሚው፣ ጋራዡ፣ ኢንሹራንሱና አበዳሪው ባንክ አሉ። እንዲህ ያሉ አምስት መቶ አንባቢዎች ያሉት ብሎግ፣ በእኔ ግምት፣ ሃምሳ ሺህ የወሬ አንባቢዎች ካሉት ይልቅ ያዋጣል።

ዘርፉ ከተገኘ በኋላ ማጥበብ ይከተላል። «ስለ መኪና» የሚለው እጅግ ሰፊ ነው፤ «ስለ ኤሌክትሪክ መኪና» የሚለውም የዩቲዩብ መኪና አስተዋዋቂዎች የያዙት ሜዳ ነው። «ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ግዢና የቤት ቻርጀር ዝርጋታ» ሲባል ግን አንባቢውም ከፋዩም ይታወቃሉ። ከመጠን በላይ መጥበቡን ለማወቅ ወረቀት ይዘው ሳይደጋግሙ አርባ ያህል የጽሑፍ ርዕሶችን ለመዘርዘር ይሞክሩ፤ ሃያ ላይ ሳይደርሱ ካለቀብዎት ዘርፉን ጥቂት ያስፉት።

በውጭ አገር የሚኖር ጸሐፊም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ «ስለ አሜሪካ ኑሮ» ከመጻፍ ይልቅ የራሳቸውን ከባድ መኪና ለሚያሽከረክሩ አማርኛ ተናጋሪዎች መጻፍ ይሻላል። ለምሳሌ 55,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሚመዝን የጭነት መኪና የሚሞላው 2290 የተባለው የግብር ቅጽ በየዓመቱ ይመለሳል፤ በጁላይ ወር መንገድ ላይ የነበረ መኪና ቅጹ የሚገባለት እስከ ኦገስት መጨረሻ ነው። በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ በየዓመቱ አንባቢ ያመጣል፣ የሒሳብ ባለሙያውና የኢንሹራንስ ወኪሉም ይህንኑ አንባቢ ይፈልጉታል።

የሰዎችን ጥያቄ ለማሰባሰብ፣ ሰዎች ጎግል ላይ ምን እንደሚፈልጉ የሚያሳየውን ጎግል ትሬንድስን ብቻ አይመኑ፤ ለአማርኛ ቃላት ብዙ ጊዜ በቂ መረጃ አያሳይም። ከዚያ ይልቅ በዘርፉ ያሉ የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ «ስንት ነው»፣ «የት ይገኛል»፣ «የሚያውቅ ካለ» የሚሉትን ሐረጎች ፈልገው የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች ይመዝግቡ። ጎግል ላይ ሲፈልጉም «ኤሌክትሪክ» እና «ኤሌትሪክ» እያሉ ሰው በሚጽፍበት መልክ ሁሉ፣ በላቲን ፊደልም ጭምር ይሞክሩ። የሚወጣው መልስ ያረጀ ወይም ከፌስቡክ የተቀነጨበ ብቻ ከሆነ ቦታው ክፍት ነው።

ሕክምናና የገንዘብ ምክር አጓጊ ቢሆኑም የሙያው ሰው ካልሆኑ ይተዉአቸው። ጎግል እነዚህን ርዕሶች የሚመዝነው ከሌሎች በጠበቀ መስፈርት ነው፤ በተሳሳተ ምክር የሚጎዳውም አንባቢው ነው።

ብሎጉን ከመክፈትዎ በፊት በዘርፉ ለሚሠሩ አምስትና ስድስት ነጋዴዎች ስልክ ይደውሉ ወይም በአካል ይሂዱ። ደንበኛ የሚያገኙት በምን በኩል እንደሆነ፣ ለደላላ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ገዢዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። «አስቀድመህ ጻፍና እናያለን» የሚለው መልስ የተለመደ ስለሆነ ተስፋ አያስቆርጥም፤ ሁሉም «ደንበኛ ሞልቶናል» ካሉ ግን ዘርፉን እንደገና ያስቡበት። ከዚያ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ርዕሶች አሥሩን መርጠው ይጻፉ፤ በየጽሑፉ ግርጌም አንባቢ ጥያቄ የሚልክበትን የቴሌግራም አድራሻ ያስቀምጡ። ከሦስትና አራት ወራት በኋላ መታየት ያለበት የትኛው ጽሑፍ ብዙ እንደተነበበ ሳይሆን የትኛው «የምታውቀው ገጣሚ አለ?» የሚል መልእክት እንዳመጣ ነው፤ ቀጣዮቹ ጽሑፎችም በዚያ ጥያቄ ዙሪያ ይሁኑ።