የሚረጥብ ተቀጥላ ክፍል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አዲስ አበባ ውስጥ ከዋናው ቤት ጎን የተለጠፈ ክፍል የሌለበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ወጥ ቤት ይሁን፣ የኪራይ ክፍል ይሁን፣ ለልጅ የተጨመረ መኝታ ቤት ይሁን፣ አሰራሩ ተመሳሳይ ነው፦ በጋ ላይ በጥድፊያ፣ ያለ ፈቃድ፣ መሰረቱ ሳይጠልቅ፣ ቆርቆሮው ከዋናው ቤት ጣሪያ ስር ተሰክቶ ያልቃል። ሐምሌ ሲገባ ልስኑ ያብጣል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ይሻግታል። መስከረም ላይ ጀሶ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ነው። ጀሶ ውሃ ይጠጣል እንጂ አያቆምም። ስለዚህ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ሳይታወቅ ሲሚንቶ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ መለየት

እርጥበት ከመሬት ይወጣል፣ ከላይ ይወርዳል፣ ወይም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይፈጠራል። 40 በ40 ሴ.ሜ የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጠው አንዱን የረጠበው ግድግዳ ላይ፣ አንዱን ወለሉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ጤዛው ከፕላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ውሃው ከግድግዳው ወይም ከመሬቱ እየመጣ ነው። ጤዛው ወደ ክፍሉ በሚያየው ፊት ላይ ከሆነ ግን ከክፍሉ አየር የመጣ እንፋሎት ነው።

ዓመቱን ሙሉ፣ በጋም ቢሆን የማይደርቅ አንድ ቦታ ካለ ቧንቧ ይጠርጥሩ። ውሃ ባለበት ሌሊት ቧንቧዎቹንና የታንከሩን መግቢያ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ። ጠዋት ቁጥሩ ከተለወጠ ከመሬት ስር የሚያፈስ መስመር አለ። ሽታ ካለው ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን የሽንት ቤት ጉድጓድ ማየት ነው፤ ብዙ ተቀጥላ ክፍል ጉድጓዱን ተጠግቶ፣ አንዳንዱም ላዩ ላይ ይሰራል።

ከወለል ተነስቶ እስከ ወገብ የሚረጥብ ግድግዳ

ምልክቱ ግልጽ ነው። እርጥበቱ ከታች ጀምሮ ወጣ ገባ መስመር ሰርቶ አንድ ሜትር አካባቢ ይቆማል፤ መስመሩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ይታያል፤ ልስኑ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ድርብ ነው። ብሎኬቱ ከሬድ አሽ ወይም ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች) ስለሚመረት ቀዳዳው ብዙ ነው፤ በእሱና በመሰረቱ መካከል ውሃ የሚያቋርጥ ነገር ካልተነጠፈ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ሁለተኛው የግቢው ከፍታ ነው። ግቢው ሊሾ በተደረገ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ክፍሉ ግን ባለበት ይቀራል፤ በመጨረሻ የክፍሉ ወለል ከግቢው በታች ይሆንና የጎረቤቱም የዋናው ጣሪያም ውሃ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ከውጭ ይጀምሩ፤ ርካሹም እሱ ነው። ከግድግዳው ውጭ ያለው መሬት ከውስጥ ወለሉ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ ዝቅ እስኪል ይቆረጥ። ግድግዳውን ተከትሎ 60 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ሊሾ ወደ ውጭ 3 ሴ.ሜ አዘንብሎ ይሰራ፤ ከጫፉ ደግሞ በሜትር 1 ሴ.ሜ ተዳፋት ያለው ቦይ ውሃውን ከግቢ ያውጣ። ይህ ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ስላለ ግድግዳውን ከመንካትዎ በፊት አንድ ክረምት ማየት ይጠቅማል።

ካልበቃ የውሃ ማቋረጫ ከስር ማስገባት ነው። ከወለሉ በላይ ያለው የመጀመሪያ ረድፍ ብሎኬት በየ80 ሴ.ሜ ርዝመት ይከፋፈልና ይወጣል፤ መጀመሪያ 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው፣ ከዚያ 2ኛውና 4ኛው። ተከታታዮቹን በአንድ ጊዜ የከፈተ ሰው ግድግዳው ይወርድበታል። በተከፈተው ቦታ ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ወይም የሬንጅ ሜምብሬን ይነጠፋል፤ ጫፍና ጫፉ 15 ሴ.ሜ ይደራረባል። ብሎኬቱ ተመልሶ ከላዩ የቀረው ክፍተት 1 ለ 3 በሆነ (አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ) ደረቅ ያለ ሞርታር ይጠቀጠቃል፤ ሦስት ቀን ሳይሞላው የሚቀጥለው ክፍል አይከፈትም።

የድሮው ልስን ከእርጥበቱ መስመር 50 ሴ.ሜ ከፍ ተብሎ መነሳት አለበት። ጨው የያዘ ልስን ከታች ያለው ውሃ ቢቋረጥ እንኳ የአየሩን እርጥበት እየሳበ መርጠቡን ይቀጥላል። ግድግዳው እርቃኑን በጋውን ይክረም፤ መስከረም መጨረሻ የተላጠ ግድግዳ ጥር ወይም የካቲት ላይ ቢለሰን ጥሩ ነው። ዘይት ቀለም መቀባት ወይም ሴራሚክ መለጠፍ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ወገብ ላይ የነበረው መስመር ትከሻ ላይ ይደርሳል።

ከዋናው ቤት ጋር በሚገናኝበት ጥግ የሚወርድ ውሃ

ዝናብ በጣለ በደቂቃዎች ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቡናማ መስመር የመገጣጠሚያው ጉዳይ ነው። አናጢው ቆርቆሮውን ግድግዳው ጋ አድርሶ ክፍተቱን በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ወዲያው ይሰነጠቃል። ሬንጅ ቢጨመርበትም ዕድሜው አጭር ነው።

ትክክለኛው መንገድ ፍላሺንግ፣ ማለትም መገጣጠሚያውን የሚሸፍን የታጠፈ ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው 15 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ የዋናው ቤት ግድግዳ በመቁረጫ ዲስክ 2.5 ሴ.ሜ ጥልቀት ይሰነጠቃል። ከዝርግ ቆርቆሮ የታጠፈ ፍላሺንግ የላይኛው ጫፉ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ የታችኛው ጫፉ ቆርቆሮው ላይ 20 ሴ.ሜ ይተኛል። ስንጥቁ በሲሊከን ይዘጋል። ፍላሺንጉ ከቆርቆሮው ጋር በሲሚንቶ መያያዝ የለበትም።

እግረ መንገድዎን ተዳፋቱን ይለኩ። ክፍሉ ከዋናው ጣሪያ ስር እንዲገባ ሲባል ቆርቆሮው ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ በነፋስ የተገፋ ዝናብና የተከማቸ በረዶ በመደራረቢያው በኩል ወደ ኋላ ይገባል። ቢያንስ በሜትር 17 ወይም 18 ሴ.ሜ ይውረድ፤ 3 ሜትር ለሆነ ክፍል ወደ 53 ሴ.ሜ ማለት ነው። ጎን ለጎን አንድ ሞገድ ተኩል፣ ቁመቱን ደግሞ 20 ሴ.ሜ ይደራረብ፤ ሚስማሩ በሞገዱ ጫፍ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ሸለቆ ላይ አይመታ።

ንጋት ላይ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ፣ ጥግ የሚያጠቁር

ዝናብ በሌለበት ህዳርና ታህሳስ ላይ ጣሪያው «ካፈሰሰ» ችግሩ የቆርቆሮው ቀዳዳ አይደለም። ሌሊቱ ሲበርድ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ይቀዘቅዛል፤ የእንጀራው፣ የሻዩ፣ የታጠበው ልብስና የሰዎቹ ትንፋሽ እንፋሎት እሱ ላይ ውሃ ይሆናል። ቁም ሳጥን ጀርባና አልጋ ስር ያለው ጥቁር ሻጋታም ምንጩ ይኸው ነው።

በተቃራኒ ግድግዳዎች አናት ላይ 15 በ40 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት የማይዘጉ ቀዳዳዎች ይከፈቱ፤ የሽቦ ወንፊት ይበቃቸዋል። ብርድ ገባ ብሎ በጨርቅ የሚወትፋቸው አይጠፋም፣ ከዚያ ሻጋታው ይመለሳል። ቺፑድ ኮርኒስ ይሰራ፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለውም ቦታ አየር ያግኝ። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው 10 ሴ.ሜ ይራቅ። ሻጋታው አንድ እጅ በረኪና ለአራት እጅ ውሃ ተደርጎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ ይታጠብ፤ በረኪናውን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው።

ከመስኮት ጥግ የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ

ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ እንደሚገኘው ያለ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የዋናው ቤት መሰረት ጠልቆ፣ የተቀጥላው 40 ሴ.ሜ ላይ ከቆመ ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። ስንጥቁ ላይ 10 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ስስ ጀሶ ለጥፈው ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት። ጀሶው በክረምትም በበጋም ሳይሰነጠቅ ከቆየ ስንጥቁ አሮጌ ነው፣ ተሞልቶ ይለሰናል። ጀሶው ከተቀደደ መሬቱ እየሰራ ነው፤ ልስን አይረዳውም።

ከጥግ ርቆ በግድግዳው መሃል፣ ከውጭ በኩል 60 በ60 ሴ.ሜ ጉድጓድ ቆፍሮ መሰረቱ የት እንደሚያልቅ ማየት ከግምት ያድናል። ግድግዳው ማዘንበሉን ለማወቅ ቱምቢም ይጣል።

ሶኬት ሲነካ የሚነዝር ከሆነ

ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ያጥፉና ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ተቀጥላ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ቤት መብራት በቀጭን ሽቦ የተሳበ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ይበቃል።

መጠገን ወይስ ማፍረስ

ግድግዳው በቁመቱ ከ2 ሴ.ሜ በላይ ካዘነበለ፣ ስንጥቁ እርሳስ የሚያስገባ ከሆነ፣ መሰረቱ ጥቁር አፈር ላይ ከ50 ሴ.ሜ ካነሰ፣ የጣሪያው እንጨት ሲወጋ የሚበሳ ከሆነ፦ ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ማፍረስ ይሻላል ባዮች ነን። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የውሃ ማቋረጫ ማስገባት ከአዲሱ ግድግዳ የበለጠ የእጅ ዋጋ ይበላል።

ግን አይቸኩሉ፤ ለማፍረስም ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ህንፃዎችን በ«ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ባለ አንድ ወለል ትንሽ ክፍል በእሱ መሰረት ከቀላሉ ምድብ «ሀ» ይመደብ ነበር። ካርታዎን ይዘው ወረዳው ላይ በአሁኑ ሰዓት የሚጠየቀውን ዝርዝር ያውጡ፤ ከግንባታ ፈቃዱ በፊት የፕላን ስምምነት ይጠየቃል፣ ቦታው በመንገድ ወይም በመልሶ ማልማት እቅድ ውስጥ መሆኑም የሚታወቀው እዚያ ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ያከራየው አካል ፈቃድ ይቀድማል። ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ የተቀጠለ ክፍል ደግሞ በጋራ መጠቀሚያ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ አሳምሮ መስራቱ ህጋዊ አያደርገውም። ፈቃድ የሌለው ክፍል በደንብ ማስከበር ከመፍረሱ ሌላ፣ ለባንክ ማስያዣ ሲገመትም ካሳ ሲሰላም ያጨቃጭቃል።

አዲሱ ሲሰራ

3 በ4 ሜትር የሆነ፣ በረጅም ጎኑ ዋናውን ቤት የሚጠጋ ክፍል እንውሰድ። ቁመቱ 2.6 ሜትር ቢሆን፣ በርና መስኮቱ ተቀንሶ ሦስቱ ግድግዳዎች ወደ 23 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ በካሬ ሜትር 13 ሲታሰብ 300 ብሎኬት። መሰረቱ ጥቁር አፈሩን አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ የግሬድ ቢሙን (መሰረቱ ላይ የሚያርፈውን የአርማታ ማሰሪያ) ብረት መሃንዲስ ይወስን። ወለሉ ስር 25 ሴ.ሜ ድንጋይ ይደልደል፣ ማለትም 3 ሜትር ኩብ፤ በላዩ ፕላስቲክ፣ ከዚያ 10 ሴ.ሜ አርማታ። አርማታው 1.2 ሜትር ኩብ ስለሆነ 1፣ 2፣ 4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ሲቦካ 8 ከረጢት ሲሚንቶ ይፈጃል። መለኪያው አካፋ ሳይሆን 50 በ40 በ18 ሴ.ሜ የሆነ ሳጥን ይሁን፤ አንድ ከረጢት የሚይዘውን ያህል ይይዛል። ለአንድ ከረጢት ውሃው 25 ሊትር አካባቢ ይሁን፤ ሰራተኛ እንዲቀለው ውሃ ሲጨምር አርማታው ይደክማል፣ እርጥበትም ያሳልፋል። ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ።

በግሬድ ቢሙና በመጀመሪያው ብሎኬት መካከል ውሃ ማቋረጫው ይነጠፍ፤ የወለሉ ፕላስቲክም ወደ ላይ ታጥፎ ከእሱ ጋር ይደራረብ። አዲሱ ግድግዳ ከዋናው ቤት ጋር አይታሰር፤ 2 ሴ.ሜ ክፍተት ይተውና በፎምና በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላ። አሸንዳው ከመጀመሪያው ቀን ይገጠም፣ መውረጃው ቦዩ ውስጥ ይግባ። ክዳኑ ካለቀ በኋላ ቀለም ከመቀባቱ በፊት መገጣጠሚያው ላይ በጎማ ለግማሽ ሰዓት ውሃ ይፍሰስበት፤ ከውስጥ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ይመልከት።