ቪትዝ ላይ ኮይልኦቨር መግጠም፦ ከምርጫው እስከ ክሊኩ

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን ቪትዝ አድሶ መንዳት ግድ ሆኗል፣ ሾክ አብዞርበር ሲያልቅም ያንኑ ዓይነት ከመመለስ ለምን ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል የሞላና የሾክ ስብስብ) አላስገባም የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ሀሳብ ነው። ግን መኪናዋን መሬት ለማስነካት ብቻ ከሆነ ብራችሁን አታባክኑ፣ የኮይልኦቨር ዋናው ጥቅም ኩርባ ላይ እንዳታጋድልና ፍሬን ስትይዙ አፍንጫዋን እንዳትደፋ ማድረጉ ነው፣ ዝቅ ማለቷ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

እንደውም በጣም ዝቅ ካለች አያያዟ ይበላሻል። የቪትዝ ፊት ማክፈርሰን ስትራት ነው (ሞላና ሾክ አንድ ላይ ሆነው ጎማውን የሚይዙበት)፣ የታችኛው አርም ከቦዲው ወደ ጎማው ሲሄድ አግድም ወይም ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ መሆን አለበት፣ መኪናዋን ከልክ በላይ ስታወርዷት አርሙ ወደ ላይ ይቀለበስና ኩርባ ላይ ይበልጥ ማጋደል ትፈልጋለች፣ ጉድጓድ ስትመታም መሪው በራሱ ይጎትታል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ኮብልስቶንና ብሬከር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ በቂ ነው፣ ከዛ በላይ አልመክርም። ሞላ ማስቆረጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፣ የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ በትክክል አይቀመጥም፣ ሾኩም ለዛ ርዝመት አልተሰራም፣ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ስትገዙ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከፍታው የሚስተካከለው ሞላው የተቀመጠበትን ቀለበት ሾኩ ላይ ባለው ጥርስ በማዞር ብቻ ነው፣ ሌላው ደሞ የታችኛው መያዣ ራሱ በጥርስ የሚወጣና የሚወርድ ነው። ሁለተኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም መኪናዋን ስታወርዱ ሾኩ ውስጥ ያለውን የመንቀሳቀሻ ቦታ አይቀንስባችሁም። የቴይን ኩባንያ ፍሌክስ ዚ እንደዚህ ነው፣ ጥንካሬውም በ16 ደረጃ ይስተካከላል፣ ቢሲ ሬሲንግ ቢአር ደሞ 30 ደረጃ አለው። የቴይን ስትሪት ቤሲስ ዚ ይረክሳል ግን የሾኩ ጥንካሬ አይስተካከልም። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቀለበቱን ባጠበቅን ቁጥር ሞላው ይጠነክራል የሚባለው ልክ አይደለም፣ ሞላው 5 ኪሎ በሚሊሜትር ከተባለ እያንዳንዷን ሚሊሜትር ለመጨመቅ 5 ኪሎ ይፈልጋል፣ ብታጠብቁትም ብታላሉትም ያው ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካገኛችሁ የሾኩን ዘንግ በደንብ እዩት፣ ዘይት ካለቀሰ ወይም ዘንጉ ከተጫረ ተዉት፣ ቀለበቶቹም በእጅና በቁልፍ እንደሚዞሩ እዛው ሞክሩ፣ ዝገው ከተጣበቁ የሚስተካከል ነገር ገዛችሁ አይባልም።

ወደ ስራው። ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ሜዳ ቦታ አቁማችሁ ከቸርኬው መሀል ከላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ያለውን በአራቱም በኩል ለኩና ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፣ የጎማ ንፋስ ያሳስታችኋል። ከዛ በክሪክ አንስታችሁ በብረት ስታንድ ደግፏት፣ ክሪክ ላይ ብቻ ቆማ ማንም እጁን ከስር አያስገባ።

የፊቱ ላይ መጀመሪያ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከሾኩ ላይ ፍቱ፣ ስታቢላይዘር ሊንኩም (እንዳታጋድል የሚይዛትን ብረት የሚያያይዘው አጭር ዘንግ) ሾኩ ላይ ከታሰረ እሱንም። ከታች ሾኩን ከናክሉ (ጎማው ከሚታሰርበት ብረት) ጋር የያዙት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች አሉ፣ ከማላላታችሁ በፊት ያሉበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። እዚህ ጋ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፣ ሁለቱ ቡሎኖች ሲወጡ ናክሉ ወደ ውጭ ይወድቃል፣ ሲወድቅ የፍሬን ቱቦውን ይወጥራል አክስሉንም ከውስጥ በኩል ሊያወጣው ይችላል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ በሽቦ ከአንድ ነገር ጋር እሰሩት። ከላይ ያሉትን ዳዶዎች የምትፈቱት መጨረሻ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ሞዴል ላይ እነሱ ጋ ለመድረስ ከዋይፐሩ ስር ያለው ፕላስቲክ መነሳት አለበት። መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ሞላው በማጥበቂያ ሳይጨመቅ በፍጹም እንዳትነኩት፣ የታፈነ ሞላ ሰው ይገድላል። አሮጌውን መበተን ካላስፈለጋችሁ እንዳለ ብታስቀምጡት ነው የሚሻለው።

አዲሱ ተገጣጥሞ ከመጣ ከላይ በዳዶ ያዙት፣ ከታች በቡሎን። የሾኩን የላይ ዳዶ በአየር ማጥበቂያ አትምቱት፣ ዘንጉ አብሮ በፍጥነት ይሽከረከርና ውስጥ ያለውን ዘይት የሚያግደውን ጎማ (ሲል) ያበላሸዋል፣ ዘንጉን በአለን ቁልፍ ይዛችሁ በእጅ አጥብቁ።

የኋላው ቀላል ነው። ቪትዝ ኋላ ላይ ሞላና ሾክ ለየብቻ ናቸው፣ ድልድዩን (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘውን ብረት) በክሪክ ይዛችሁ የሁለቱንም ሾክ የታች ቡሎን ፈትታችሁ ቀስ ብላችሁ ስታወርዱት ሞላው በእጅ ይወጣል። ቱቦዎቹ እንዳይወጠሩ እያያችሁ። የሾኩን የታች ቡሎን ግን አየር ላይ አታጥብቁት፣ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል፣ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ነው የሚጠብቀው። የጎማ ዳዶዎች ለቶዮታ 103 ኒውተን ሜትር ናቸው፣ የሌላውን ቡሎን መጠን ከመኪናዋ ማኑዋል ውሰዱ።

ከፍታውን ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ ከተወሰነ ቀን በኋላ ሞላው ሲቀመጥ እንደገና ለኩ፣ ቡሎኖቹንም እንደገና ፈትሹ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) የግድ ነው፣ ነገ ዛሬ ስትሉ ጎማችሁ ከውስጥ በኩል ተበልቶ ያልቃል። ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበል) ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ኔጌቲቭ ለመንገድ ይበቃል፣ ቶው (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ወደ ዜሮ የቀረበ። የኋላው በፋብሪካ ስለማይስተካከል አላይመንት ቤት ኋላውንም ላስተካክል ካላችሁ በምን እንደሆነ ጠይቁት። የፊት መብራቱንም አስተካክሉ።

የሾኩን ጥንካሬ ስታስተካክሉ መዞሪያውን በሰዓት አቅጣጫ እስከ መጨረሻው አጥብቁና ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ፍቱ። በ16 ደረጃው ከ8 ጀምሩ። ከዛ ኮብልስቶን ላይ ንዱት፣ ከዛ ደሞ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ። ብሬከር ካለፋችሁ በኋላ መኪናዋ ደጋግማ ከዘለለች አጠንክሩ፣ ኮብልስቶን ላይ ጎማው መሬት እየለቀቀ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አላሉ። በአንድ ጊዜ ሁለት ክሊክ (የመዞሪያው ሁለት ደረጃ) ብቻ፣ ወይ ፊቱን ወይ ኋላውን እንጂ ሁለቱንም አንዴ አትንኩ፣ ካለዚያ የቱ ምን እንዳመጣ አታውቁም። ወደ ኩርባ ስትገቡ አፍንጫዋ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ፊቱን በሁለት ክሊክ አላሉ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ክረምት ሲያልቅ ጥርሱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በብሩሽና በውሃ አጥባችሁ ሲደርቅ ስስ ቅባት ቀቡት፣ ግራሶ አታብዙ አሸዋ ይይዛል። ቀለበቱ አልዞር ካለም በመዶሻ አትምቱት፣ ጥርሱ ከተጎዳ ከፍታው ድጋሚ አይስተካከልም፣ ዘይት ነፍታችሁበት አሳድሩትና አብሮት በመጣው ቁልፍ በማግስቱ ሞክሩ።