ዲመር ላይ የሚርገበገብ ኤልኢዲ አምፖል፦ ችግሩና መፍትሄው

«አምፖሉን በኤልኢዲ ከቀየርኩ ወዲህ መብራቱ ይርገበገባል።» ይህን የሚለኝ ሰው አያልቅም። ዲመር ማለት ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አምፖሉ በደንብ መጥበቁን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ብርሃኑ ሲቀነስ ይርገበገባል

መጀመሪያ ካርቶኑን አንብቡ። ዲመብል (ከዲመር ጋር የሚሠራ) ካላለ ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ ቀይሩት። ሻጩ «ሁሉም ይሠራል» ስላለ አይሠራም። ያ ጠምዛዛው ፍሎረሰንት ቆጣቢማ ይብሳል። ለዲመር ያልተሠራው ከመጠን በላይ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። አውጡት!

ዲመብል ሆኖም ከተርገበገበ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ዲመር ነው። የተሠራው ለድሮው ባለ ክር አምፖል ነው። ብዙዎቹ ላይ 60-600 ዋት የመሰለ ነገር ተጽፏል። ሰው ሁሉ 600ውን ያያል፤ 60ውን፣ ማለትም ዝቅተኛውን ጭነት፣ ልብ የሚል የለም። ድሮ 4 ባለ 60 ዋት አምፖል 240 ዋት ይጎትት ነበር። ዛሬ 4 ባለ 8 ዋት ኤልኢዲ 32 ብቻ ነው። ዲመሩ ውስጥ ያለው ትራያክ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ማብሪያው፣ አንዴ ከከፈተ በኋላ ክፍት ሆኖ ለመቆየት በቂ ከረንት ይፈልጋል። ሲያጣ ቶሎ ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። የምታዩት መርገብገብ ይኸው ነው።

አንድ ቤት አምፖሉን ደጋግመው ለውጠዋል፣ በየጊዜው ውዱን እየመረጡ። አንዱን ኤልኢዲ ነቅዬ ባለ 40 ዋት የድሮ አምፖል ሰካሁ። የቀሩት 3 ባለ 8 ዋት ኤልኢዲዎች 24፣ ሲደመር 40፣ 64 ዋት። መርገብገቡ ወዲያው ቆመ። ሌላው ደግሞ ኮርኒሱን አስቀድዶ ገመዱን በሙሉ አስቀይሯል። ዲመሩን ግን የነካው የለም! እናንተም አንዱን ኤልኢዲ በድሮ አምፖል ተክታችሁ ሞክሩ፤ የመብራቱ መያዣ ከሚችለው ዋት ብቻ አትለፉ።

መፍትሄው ለኤልኢዲ የተሠራ፣ ዝቅተኛው ጭነት ትንሽ የሆነ ዲመር ነው። ትሬሊንግ ኤጅ የሚባለው ዓይነት ከብዙ ኤልኢዲ ጋር ይስማማል፤ የአምፖሉ አምራች የሚመክረውንም ተመልከቱ። ከፍተኛውንም አትርሱ፦ የኤልኢዲው ገደብ ለብቻው ይጻፋል፣ ከባለ ክሩ በጣም ያንሳል።

ዲመሩን ከመክፈታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተር አረጋግጡ። ዲመሩ ጠፍቶም ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ። ደግሜ ልበል፦ ብሬከሩን!

ዝቅ ሲል ድርግም ይላል፣ ወይም ከዝቅታ አልበራ ይላል

ብዙ አዳዲስ ዲመሮች የዝቅታ ማስተካከያ አላቸው። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቀንሱና ሁሉም አምፖሎች ሳይንቀጠቀጡ እስኪበሩ ማስተካከያውን ከፍ አድርጉት። ከዚያ አጥፍታችሁ አብሩ። አንዱ ከዘገየ ትንሽ ጨምሩ። የተለያየ ብራንድ ከቀላቀላችሁ ግን ይህ ሥራ ማለቂያ የለውም። አንድ ዓይነት ግዙ።

እዝዝ ይላል

ትሬሊንግ ኤጅ ዲመር ብዙ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል።

ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ ይበራል

በዲመሩ በኩል ትንሽ ከረንት ያልፋል። ባይፓስ የሚባል እቃ መብራቱ ጋ ይገጠማል።

ዲመር የሌለበትም ክፍል ይርገበገባል

የላላ ገመድ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ ዛሬውኑ።