የእንግሊዝ መሪዎች ካርቱን አነባበብ፦ ከአፍንጫው በፊት ዕቃውን እዩ

አንድ የድሮ የእንግሊዝ ካርቱን፣ ማለትም በፖለቲከኞች የሚያላግጥ ሥዕል፣ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ትልቅ ድቡልቡል ነገር ይቆርሳሉ። መጀመሪያ ሳየው ድፎ ዳቦ መስሎኝ "ሆዳሞች!" ብዬ አለፍኩት። ለካ እየተቆረሰ ያለው ዓለም ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥዕል ሳይ አልቸኩልም፤ የማይበት የራሴ መንገድ አለኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

መጀመሪያ የሰውየውን ፖርትሬት ፈልጉ፣ ማለትም ራሱ ፈቅዶ፣ ልብሱን አስተካክሎ የተሳለውን። እንዲህ ሆኜ ልታይ ያለበት ሥዕል ነው። ካርቱኒስቱ የሚመልስለት ለዚያ ነው። ለንደን ያላችሁ ከትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ግቡ፤ ቋሚ ስብስቡን ለማየት አይከፈልም። ሌሎቻችን በስልክ የጋለሪውንና የብሪቲሽ ሙዚየምን ድረ ገጽ እያሰፋን እናያለን፤ እንዲያውም በስልክ ማየቱ ለጥቃቅን ጽሑፍ ይመቻል። ለመለማመጃ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ግላድስተንንና ዲዝራኤሊን ውሰዱ። እድሜ ልካቸውን ሲናቆሩ የኖሩ ባላንጣዎች ናቸው፤ የሳላቸው ግን አንድ ሰው ነው፣ ጆን ሚሌ፣ አንዱን በ1879 ሌላውን በ1881። ሁለቱም ጥቁር ለብሰው ኮስተር ብለዋል። አሁን ወደ ካርቱኖቻቸው ሂዱ። ዲዝራኤሊ ግንባሩ ላይ በወደቀችው ጥቅል ጸጉር ይታወቃል። ግላድስተንን ሃሪ ፈርኒስ የሚባል ሠዓሊ ጆሮው ድረስ በሚደርስ ኮሌታ ቀበረው። ኮሌታው በእውነቱ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም፣ ግን ማን ይሰማል፣ ኮሌታው ስሙ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ሁለተኛው ነገር፦ ፊቱን ለመለየት አትድከሙ፣ ዕቃውን ፈልጉ (እዚህ የምጠራቸው ሁሉ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩ ናቸው)። ጃንጥላ ካያችሁ ቼምበርሌን ነው፣ 1938፣ ከሂትለር ጋር ያደረገው የሙኒኩ ስምምነት። ወፍራም ሲጋር የቸርችል ነው። ፒፓ ከሆነ ቦልድዊንም ዊልሰንም ሊሆን ስለሚችል ዘመኑን እዩ። የእጅ ቦርሳ የታቸር ነው፤ ካርቱኒስቶቹ እንደ መሣሪያ ያስይዟታል።

ፊት ጭራሽ የሌለበትም አለ። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው ሮበርት ዋልፖል ከ1721 እስከ 1742 ሥልጣን ላይ ቆይቷል። በ1740 የወጣ አንድ ሥዕል ላይ የቤተ መንግሥቱን በር ገትሮ የቆመ ግዙፍ ራቁት መቀመጫ ብቻ ነው የሚታየው። ሹመት ፈላጊው ስሞ ያልፋል። በቃ። ማን እንደሆነ መጻፍ አላስፈለገም፣ ያን ጊዜ ሹመት በማን እጅ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል።

አሁን ወደ ድፎ ዳቦዬ ልመለስ። ሠዓሊው ጄምስ ጊልሬይ ነው፣ ጊዜው የካቲት 1805። የሚቆረሰው ፕለም ፑዲንግ ነው፣ እንግሊዞች ለገና የሚበሉት ዘቢብ የበዛበት ጣፋጭ፤ ላዩ ላይ ግን ካርታ ተስሏል። በግራ በኩል ዊሊያም ፒት አለ፣ በ24 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፍንጫው ሹል። በቀኝ ናፖሊዮን፣ ትንሽ ሰውዬ በትልቅ ባለ ላባ ባርኔጣ። እዚህ ላይ እጃቸውን እዩ። ናፖሊዮን በጎራዴ አውሮፓን ይገምሳል፣ ሳህኑ ስለራቀው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው። ፒት ተረጋግቶ ውቅያኖሱን ይቆርጣል፣ የእሱ ቁራሽ ደግሞ የበለጠ ነው። ሹካው ሦስት ጥርስ ያለው የባሕር አምላክ ጦር ነው። መሬቱ ለፈረንሳይ፣ ባሕሩ ለእንግሊዝ ማለት ነው፤ እንግሊዝ ባሕር ላይ ፈረንሳይን ያሸነፈችበት የትራፋልጋር ውጊያ የመጣው ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ናፖሊዮን ለዘመኑ አጭር የሚባል ሰው አልነበረም። ዛሬም ድረስ ድንክ የሚመስለን በአብዛኛው በጊልሬይ ምክንያት ነው፣ አንድ ሰው በብዕር ብቻ ንጉሠ ነገሥት አሳጠረ!

እነዚህ ሥዕሎች ያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ አይወጡም። በመዳብ ሰሌዳ ታትመው፣ በእጅ ቀለም ተቀብተው፣ ሃና ሃምፍሪ የምትባል ሴት ለንደን ባላት ሱቅ ይሸጣሉ። መስኮቱ ላይ ይደረደራሉ፣ የመግዣ የሌለው ውጭ ቆሞ ያያል። ጊልሬይ ራሱ በ1808 ያንን መስኮት ስሎታል፦ ሰዉ ጀርባውን ሰጥቶ ሥዕሎቹ ላይ አፍጥጧል፣ ከኋላው አንድ ሽማግሌ በረዶ አንሸራቶት ተዘርግቷል፣ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ሦስተኛ፣ ማን እንደከፈለው ጠይቁ። ጊልሬይ ከ1797 ጀምሮ ከፒት መንግሥት በድብቅ የዓመት አበል ይቀበል ነበር። ከዚያ በፊት ፒትን እንዴት ይቦጭቀው እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ተቃዋሚውን ፎክስን ምን እንዳደረገው እያስተያያችሁ ተመልከቱ።

ስድብ ሁሉ ይጎዳል ብላችሁ ደግሞ አታስቡ። በ1958 ቪኪ የሚባል ካርቱኒስት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማክሚላንን ሊያላግጥበት ሱፐርማን አድርጎ ሳለው። ሽማግሌ፣ ጺም፣ ካባ። ሕዝቡ ወደደው፣ "ሱፐርማክ" የቁልምጫ ስም ሆነ፣ ቪኪም ቆሽቱ አረረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ስቲቭ ቤል ይቺኑ ቀልድ አንስቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀርን እንደ ሱፐርማን የውስጥ ሱሪውን ከሱሪው በላይ አስለበሰው። ይሄኛው ግን ማንንም አላስቆለመጠም።

አንዳንዴ የሚያናድደው ፖርትሬቱ ነው። በ1954 ቸርችል 80 ዓመት ሲሞላው ፓርላማው በግራሃም ሰዘርላንድ አስሎ ሰጠው። ያረጀ፣ የከበደ፣ ወንበሩን የጨበጠ ሰው ነው የተሳለው። ቸርችል በሥነ ሥርዓቱ ላይ አስደናቂ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ምሳሌ ነው ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቤት ሲደርስ ግን ሥዕሉ አልተሰቀለም፣ ሚስቱ አስጠፋችው፤ ሕዝቡ ያወቀው እሷ ከሞተች በኋላ በ1978 ነው። ከሁሉም ፖርትሬቶቹ እሱን ባየው ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ ለእናንተ የምተወው አንድ ካርቱን አለ። የዴቪድ ሎው ነው፣ 1935፣ ጣልያን እኛን ለመውረር ስትዘጋጅ። ሦስቱን ጦጣዎች ታውቋቸዋላችሁ፣ ዓይኑን፣ ጆሮውንና አፉን የሚሸፍኑትን። ሎው ጦጣዎቹን የኃያላኑ ሹማምንት አደረጋቸውና የማያዩት፣ የማይሰሙትና የማይናገሩት ነገር "አቢሲኒያ" ሆነ። መጀመሪያ የሹማምንቱን ፎቶ ፈልጉና ካርቱኑን ከጎኑ አድርጉት። ቀኑንም እዩ፤ ወረራው የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ነው።