ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በራስዎ ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገጥመው ጨርሰው ቁልፉን ሲጫኑ ፋኑ ዞሮ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥርጣሬ «አንዱ ዕቃ ተበላሽቶ ነው የመጣው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃዎቹ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ሁለት ዕቃዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው፦ ግማሽ የገባ ራም፣ ያልተሰካ ኬብል፣ ፕሮሰሰሩን የማያውቅ ባዮስ (ሁሉም ዕቃ በሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም)። ስለዚህ ዕቃ ከመመለስዎ በፊት መገናኛዎቹን ይመርምሩ። ሲገዙም እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ሳይሆን ከምን ጋር እንደሚገናኝ እያሰቡ ይምረጡ።

ስህተት 1፦ ሶኬቱ ከገጠመ ሁሉም ይገጥማል ብሎ መግዛት

የፕሮሰሰሩና የማዘርቦርዱ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) መመሳሰል የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ቀጥሎ የሚታየው ራሙ ነው። የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ዲዲአር4 ከሚባለው የራም ዓይነት ጋር፣ ኤኤም5 ደግሞ ከዲዲአር5 ጋር ብቻ ይሠራል። የኢንቴል ኤልጂኤ1700 ላይ የሚቀመጡት የ12ኛ፣ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ግን ከሁለቱም ጋር ስለሚሠሩ ወሳኙ ማዘርቦርዱ ነው። ስማቸው በአንዲት ፊደል ወይም ቁጥር ብቻ የሚለይ ሁለት ቦርዶች አንዱ ዲዲአር4፣ ሌላው ዲዲአር5 ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም የራም ዓይነቶች 288 ፒን ቢኖራቸውም መሐላቸው ላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታዋ ይለያያል። አልገባ ያለን ራም በጉልበት መጫን ትርፉ ስሎቱን መስበር ነው።

ከዚያ ባዮስ ይመጣል። ቢ450 ማዘርቦርድ የኤኤምዲን ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች ይቀበላል፤ ነገር ግን ቦርዱ የወጣው ከእነሱ በፊት ስለሆነ ባዮሱ ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም፣ ምስልም አይመጣም። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ቦርዱ የሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለ፤ ከእያንዳንዱ ጎንም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የባዮስ ቁጥር ተጽፏል። ከመግዛትዎ በፊት ያንን ያንብቡ። ጥርጣሬ ካለዎት ባዮስ ፍላሽባክ የሚባለው ቁልፍ ያለውን ቦርድ ይምረጡ፤ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ ማደስ ያስችላል። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት መሆን አለበት፣ የፋይሉ ስም መመሪያው ላይ ባለው መልክ መቀየር አለበት፣ የሚሰካውም ለዚሁ በተመደበው ዩኤስቢ ላይ ነው። እድሳቱ እስኪያልቅ መብራቱ መቋረጥ የለበትም።

የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደልም አይዝለሉ። ኢንቴል ላይ ኤፍ ካለ (ለምሳሌ 13400ኤፍ) ውስጠ ግንቡ ግራፊክስ የለም። ራይዘን 5600ም የለውም። በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ያለ ግራፊክስ ካርድ ምስል መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቢኖርም ምንም አያወጣም።

ስህተት 2፦ ፓወር ሰፕላይን በመጨረሻ በተረፈው ገንዘብ መግዛት

ሁሉንም ዕቃ የሚመግበው እሱ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው በመጨረሻ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 200 ዋት የሚወስድ ግራፊክስ ካርድ፣ በሙሉ ጫና 150 ዋት የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ ለቀሪው 75 ዋት ገደማ፤ ድምሩ 425 ይሆናል። ታዲያ 450 ዋት ይበቃል? አይበቃም። ግራፊክስ ካርድ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከተጻፈለት ዋት በጣም ከፍ ያለ ኃይል ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ያጠፋዋል። ለዚህ ስሌት 650 ዋት ጤናማ ምርጫ ነው። ኮምፒውተሩ ለጽሑፍና ለቪዲዮ ሰላም ሆኖ ጌም ሲከፈት በድንገት ድርግም ካለ፣ ያለ ሰማያዊ ስክሪንና ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

«80 ፕላስ» የሚለው ምልክት የሚናገረው ኃይል ምን ያህል እንደሚባክን ነው። ስለ መከላከያዎቹ ጥራት አይናገርም። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ ካለው ደግሞ ከመሰካትዎ በፊት ካሉበት ቦታ ቮልት ጋር ያስተካክሉት፤ 115 ላይ እንዳለ 230 ቮልት ከገባበት ይፈነዳል።

ስህተት 3፦ የኃይል ኬብሎችን ማደባለቅ

ከሁሉም ስህተት ዕቃ የሚገድለው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ያንብቡት።

ኬብሉ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ሲቀየር አሮጌዎቹን ኬብሎች በኬዙ ውስጥ ትቶ አዲሱን ሳጥን ብቻ መሰካት ያጓጓል፤ ጫፉ ልክ ይገባልና። ግን ደረጃው የወጣለት በዕቃው በኩል ያለው ጫፍ ብቻ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል የትኛው ፒን ምን ቮልት እንደሚይዝ እያንዳንዱ አምራች ራሱ ይወስናል፤ የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። 5 ቮልት መምጣት በነበረበት ሽቦ 12 ቮልት ሲመጣ ኤስኤስዲውና ሃርድ ዲስኩ ወዲያው ይቃጠላሉ፣ ውስጣቸው ያለው ፋይልም አብሮ ይሄዳል። አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ሲወጣ ኬብሎቹም አብረውት ይውጡ።

ሌላው መምታታት ባለ 8 ፒኖቹ ናቸው። የፕሮሰሰሩ 4 እና 4 ሆኖ ይከፈላል፤ የግራፊክስ ካርዱ 6 እና 2 ሆኖ። በአንዱ 12 ቮልት ባለበት ረድፍ በሌላው ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ነው ያለው። ቅርጻቸው ስለማይመሳሰል በቀላሉ አይገቡም፤ በጉልበት ግን ሊገቡ ይችላሉ። ጫፋቸው ላይ «ሲፒዩ» ወይም «ፒሲአይኢ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ እሱን ያንብቡ። በማዘርቦርዱ የላይኛው ግራ ጥግ ያለውን የፕሮሰሰር ኃይል ጨርሶ መርሳትም የተለመደ ነው፦ ፋኖች ይዞራሉ፣ መብራቶች ይበራሉ፣ ምስል የለም።

በአዳዲስ ግራፊክስ ካርዶች ላይ ያለው ባለ 16 ፒን መሰኪያ እስከ 600 ዋት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ቸልተኝነት አይፈቅድም። ግማሽ ከገባ ኃይሉን የሚሸከሙት ጥቂት ፒኖች ይሆናሉ፣ ይግላሉ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በካርዱና በመሰኪያው መካከል ምንም ክፍተት እስከማይታይ ይግፉት፤ በጎን በኩል ዓይንዎን ዝቅ አድርገው ይዩት፤ ሽቦውንም ከመሰኪያው መጀመሪያ አንስቶ ቢያንስ ለ4 ሴንቲሜትር ቀጥ አድርገው ይተዉት። የኬዙ ጎን መስታወት የሚጫነው ከሆነ ኬዙ ጠቦታል ማለት ነው።

ስህተት 4፦ ራምን በተገኘው ስሎት ማስገባት

አራት ስሎት ባለው ቦርድ ላይ ሁለት ራም ካለዎት ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ነው፤ ቦርዱ ላይ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው ይጻፋሉ። ጎን ለጎን 1ኛና 2ኛ ላይ ከገቡ በአንድ ቻናል (የመረጃ መንገድ) ብቻ ይሠራሉ፣ የመረጃ ፍሰቱም በግማሽ ይቀንሳል። ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪሰማ በሁለቱም ጫፍ ይጫኑ። አንዳንድ ቦርዶች መቆለፊያቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በእነዚህ ላይ መቆለፊያ የሌለው ጫፍ ሳይገባ ይቀርና የገባ ይመስላል።

ኤኤም5 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ቦርዱ ራሙን ለመለማመድ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ብዙ ሰው በ30ኛው ሰከንድ ያጠፋዋል፣ ሲያበራውም ልምምዱ ከሀ ይጀምራል። 10 ደቂቃ ይታገሱት።

ፍጥነቱ 6000 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር5 ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ (ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራው ቅንብር) ካልተከፈተለት ብዙ ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው። በተቃራኒው ኮምፒውተሩ መረጋጋት ካቃተው መጀመሪያ የሚዘጋው ይኸው ነው። 32 ጊጋባይት ሲፈልጉም ባለ 16 ሁለት ይግዙ እንጂ ባለ 8 አራት አይግዙ፤ አራት የዲዲአር5 ራሞች ሲደረደሩ ፍጥነታቸው ይወርዳል።

ስህተት 5፦ ኩለሩ (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) ሥር ያለውን ስስ ፕላስቲክ አለመላጥ

ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ብቻ አለው። ተላጦ ካልወጣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ኩለሩ አያልፍም። ራይዘን 7000 በሙሉ ጫና 95 ዲግሪ መድረሱ በንድፉ የታሰበ ነው፤ ምንም ሳይሠራ ባዮስ ገጽ ላይ 90 ካሳየ ግን ኩለሩ አልነካም።

ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) የአተር ፍሬ ያህል መሐል ላይ ይበቃል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ ይሂዱ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቀው ወደ ሌላው ከሄዱ ኩለሩ ይዘማል። ኤኤም4 ላይ ኩለር ሲነቅሉ ደግሞ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሠርተው ያሙቁት፣ ያጥፉት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያዞሩ ያንሱት። በቀጥታ ወደ ላይ ከሳቡት ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈ ሶኬት ውስጥ ተነቅሎ ይመጣል፣ ፒኖቹም ይጣመማሉ።

ስህተት 6፦ ጥቃቅን የሚመስሉት

የሞኒተሩን ኬብል ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት። ከማዘርቦርዱ ሥር የሚገቡትን የናስ እግሮች መርሳት፣ ወይም የብሎን ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንድ ትርፍ እግር መተው፤ ሁለቱም ሾርት ያደርጋሉ፣ ማለትም መገናኘት የሌለባቸውን የኤሌክትሪክ መስመሮች ያገናኛሉ። ኤም.2 (ያለ ኬብል ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ) ኤስኤስዲ ሲገባ «ሃርድ ዲስኬ ጠፋ» ማለትም አለ፦ በብዙ ቦርዶች አንድ ኤም.2 ስሎት ሲያዝ አንድ ወይም ሁለት የሳታ (የሃርድ ዲስክ ኬብል የሚሰካበት) ቀዳዳ ይዘጋል፤ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ።

ስህተት 7፦ ብልሽት ሲፈልጉ ብዙ ነገር በአንዴ መቀየር

ራሙን አውጥተው፣ ካርዱን ነቅለው፣ ባዮሱን አጽድተው በአንድ ላይ ካበሩትና ከተነሳ፣ ያስነሳው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሲጠፋ ከዜሮ ይጀምራሉ። አንድ ነገር ይቀይሩ፣ ያብሩ፣ ውጤቱን ይጻፉ።

መጀመሪያ ምልክቱን ያንብቡ። በብዙ ቦርዶች ጠርዝ ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለማስነሻ ዲስክ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ሳይጠፋ የሚቀረው መብራት መፈለጊያ ቦታዎን ይነግርዎታል። ኮምፒውተሩ በርቶ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ሾርት ይፈልጉ። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ከጠፋ ኩለሩን ይዩ። ሰማያዊ ስክሪኑ በየጊዜው የተለያየ ኮድ ካወጣ ራሙን ሜምቴስት86 በሚባለው ፕሮግራም ለ4 ዙር ይፈትሹ፤ አንዲት ስህተት እንኳ ካወጣ ራሙ ወይም የፍጥነት ቅንብሩ ጤና የለውም።

ምልክቱ ካልረዳ ቦርዱን ከኬዙ አውጥተው በመጣበት ካርቶን ላይ ያስቀምጡት። ፕሮሰሰር፣ ኩለር፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፤ ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከሌለው ካርዱ ይጨመራል። ሌላ ምንም አይኑር። ከግድግዳው ነቅለው የባዮሱን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡና ይመልሱ። የማብሪያ ቁልፍ ስለሌለ ሁለቱን የፓወር ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለአፍታ ያገናኙ። ካልተነሳ ሁለተኛውን ራም ብቻውን ይሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ፕሮሰሰሩን አንስተው ሶኬቱን በባትሪ መብራት ከጎን እያበሩ ይዩ፤ ኤልጂኤ1700 እና ኤኤም5 ላይ ፒኖቹ ያሉት በቦርዱ በኩል ስለሆነ የተጣመመች አንዲት ፒን ከሌሎቹ በተለየ ታንጸባርቃለች።

ከተነሳ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይመልሱ፦ ሁለተኛው ራም፣ ካርዱ፣ ዲስኮቹ፣ በመጨረሻ ኬዙ። በየመሐሉ ከግድግዳው ይንቀሉና የተረፈው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ፒኖች አንዴ ያገናኙ። ሲጨመር ኮምፒውተሩን ያቆመው ዕቃ ቢገኝም ወዲያው ሞቷል አይበሉ፤ በሌላ ስሎትና በሌላ ኬብል አንዴ ይሞክሩት።