በአነስተኛ ትራክተር የሎደር ባልዲ ላይ የሃይድሮሊክ መንጋጋ አገጣጠም

ከትራክተሩ ፊት ያለው የማንሻ ክንድ፣ ማለትም የሎደር፣ ባልዲ አፈርና ጠጠር ይዝቃል፤ ቅርንጫፍና ግንድ ግን ይንከባለልበታል። ግራፕል የሚባለው መንጋጋ ከባልዲው አናት ላይ ሆኖ ጭነቱን ከላይ ይጫናል። ሰው የሚፈራው ብየዳውን ነው፤ ባልዲ የሚያጎብጠው ግን ሳይሰላ የተገዛ ሲሊንደር ነው።

መጀመሪያ ከትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ የሃይድሮሊኩን ግፊትና የፓምፑን የዘይት መጠን ያንብቡ። ግፊቱ 170 ባር፣ ዘይቱ በደቂቃ 25 ሊትር ነው እንበል። የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በዚህ ግፊት 3.4 ቶን ያህል ይገፋል። ዘንጉ መንጋጋውን ከማጠፊያው ፒን 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከያዘው፣ የጥርሱ ጫፍም ከዚያው ፒን 70 ሳንቲ ሜትር ከራቀ፣ ጫፉ ላይ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ጉልበት ይደርሳል። ይሄ ለአነስተኛ ባልዲ ከበቂ በላይ ስለሆነ ከዚያ የሚወፍር ሲሊንደር አይግዙ። ፍጥነቱም ቀላል አይደለም፤ 20 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 0.4 ሊትር ዘይት ስለሚበቃው መንጋጋው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጥርቅም ይላል። ሲሊንደሩ መግቢያ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የዘይት ማጥበቢያ ቢገባበት ወደ ሁለት ሰከንድ ይረጋጋል።

ዘይቱን ለማምጣት እኛ የምንመርጠው ባለ 6 ቀዳዳ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ዳይቨርተር ቫልቭ (ዘይቱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞር) ነው። ባልዲውን በሚያጥፉት ሁለት መስመሮች መሃል ይገባል፦ ሁለት ቀዳዳ ከሎደሩ ቫልቭ፣ ሁለት ወደ ባልዲው ሲሊንደሮች፣ ሁለት ወደ መንጋጋው። ማንሻው ላይ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ቁልፍ ሳይነካ ባልዲው ይታጠፋል፤ ቁልፉ ተይዞ ያው ማንሻ ሲገፋ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ጉድለቱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አለመቻሉ ነው፤ ለቅርንጫፍ ሥራ ግን ይህ እምብዛም አያስቸግርም።

ወደ ብየዳው ሲመጡ ባልዲውን ከሎደሩ ቢያወርዱት ይሻላል። ካልሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ፤ የብየዳውን ግራውንድ እዚያው ባልዲው ላይ ይሰኩ፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪኩ በፒንና በቡሽ በኩል አልፎ ይበላቸዋል። የባልዲው አናት ላሜራ ቀጭን ስለሆነ መንጋጋው በቀጥታ እሱ ላይ አይበየድም። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ከአናቱ ጀምሮ ወደ ጀርባው እንዲወርድ አድርገው ያስቀምጡና ጉልበቱን ያከፋፍል።

ከዚያ ብረቱንና መንጋጋውን ለጊዜው በነጥብ ብየዳ ብቻ ያያይዙ። የሲሊንደሩ ሁለት ቀዳዳዎች ክፍት ሳሉ ዘንጉ በእጅ ይሳባል፤ መንጋጋውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ባልዲውን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሲያጥፉት ከሎደሩ ክንድ ወይም ከትራክተሩ ግንባር ጋር መጋጨት የለበትም። ሲዘጋ ደግሞ ዘንጉ ወጥቶ ሲያልቅ የጥርሶቹ ጫፍ ከባልዲው ከንፈር 2 ሳንቲ ሜትር ቀርቶት ይቁም። የሚነካ ከሆነ ሲሊንደሩ ሳያቆም ባልዲው ነው የሚጎብጠው። ልኩ ሲረጋገጥ በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ፣ 5 ሳንቲ ሜትር እየበየዱና ቦታ እየቀያየሩ ይጨርሱ፤ አንድ ወገን በተከታታይ ከተበየደ ላሜራው ይጣመማል።

ለዘይት ቱቦው ሩብ ኢንች፣ ሁለት ድርብ የብረት ሽቦ ያለው ይበቃል። ርዝመቱን ባልዲው ሙሉ በሙሉ ተደፍቶም ታጥፎም ይለኩና በረጅሙ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ። የመታጠፊያው ራዲየስም ከ10 ሳንቲ ሜትር አይነስ። የቫልቩን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ በኋላ ከሚበራ መስመር በ10 አምፔር ፊውዝ ይሳቡ፤ የቫልቩ የሽቦ ጥቅል ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ካልተደረገ የማንሻው ቁልፍ ቶሎ ይቃጠላል።

ሞተሩን ሲያስነሱ መንጋጋውን አምስት ስድስት ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፤ አየሩ ይወጣል። ከዚያ ሎደሩን መሬት አስቀምጠው ዘይቱን ይለኩ፤ አዲሱ ሲሊንደርና ቱቦ ከግማሽ ሊትር በላይ ስለሚወስዱ ይጎድላል። ፍንጣቂ በካርቶን እንጂ በእጅ በፍጹም አይፈለግም። መርፌ በምታህል ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንት አልፎ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው።

መንጋጋው በተቃራኒው ከሠራ ሁለቱን ቱቦዎች ማቀያየር ነው። ቁልፉ ተይዞ ባልዲውም አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቫልቩ በደንብ እየዞረ አይደለም፤ ቀጭን ሽቦ ወይም ዝገት የያዘው ግራውንድ ይፈትሹ። የያዘውን ቀስ በቀስ የሚለቅ ከሆነ የሲሊንደሩ ጎሚኒ አልፏል ወይም ቫልቩ በውስጥ ያፈሳል፤ ለሁለተኛው ፓይለት ቼክ ቫልቭ (ማንሻው እስኪነካ ዘይቱን ቆልፎ የሚይዝ) ይጨመርለታል። ፀሐይ ላይ የዋለ የቱቦ ፈጣን ማገናኛ አልገጥም ካለ ውስጡ ግፊት ቀርቷል፤ ባልዲውን መሬት አሳርፈው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ የሞተር ማስነሻውን ቁልፍ እንደበራ ትተው የማንሻውን ቁልፍ ይዘው ማንሻውን ወዲያና ወዲህ ያድርጉት። የመንጋጋው ክብደት ሎደሩ ከሚያነሳው ላይ ስለሚቀነስ፣ ከኋላ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ሳይታሰር ግንድ አይነሳም።